ምዕራፍ ሰባት፦ ማሽን ሲወድቅ አገልግሎት እንዳይወድቅ

ታኅሣሥ 27 እና 28 ላሊበላ ከአቅሟ በላይ ሰው ታስተናግዳለች። ከላስታ ገጠር፣ ከዋግ፣ ከራያ፣ ከጎንደርና ከጎጃም ለገና የሚመጣው ምእመን አንዱ በመኪና፣ ሌላው ቀናት በፈጀ የእግር ጉዞ ደርሶ ከተማውን ነጭ በነጭ ያደርገዋል። ነጠላ፣ የእጅ መስቀል፣ ጧፍና ዕጣን የሚሸጡ ሰዎችም ዓመቱን ሙሉ የሚጠብቁት ገበያ ይሄ ነው። አንድ መንገደኛ በ1,200 ብር ተስማምቶ ነጠላ ገዛ እንበል። ጥሬ ገንዘብ አልያዘም። ስልኩን አውጥቶ የሞባይል ገንዘብ አጭር ቁጥሩን *127# ይደውላል፤ የሻጭዋን ቁጥር፣ ቀጥሎ የገንዘቡን መጠን፣ በመጨረሻም የሚስጥር ቁጥሩን ያስገባል። ሻጭዋ ነጠላውን አጥፋ በእጇ እንደያዘች የራሷን ስልክ ታያለች። መልእክቱ ሳይገባላት ነጠላው ከእጇ አይወጣም።

መልእክቱ በሴኮንዶች ውስጥ ይገባል። ከላሊበላ እስከ አዲስ አበባ ቀጥታ ሲለካ 330 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ብርሃን በፋይበር ገመድ ውስጥ በሚሊሴኮንድ፣ ማለትም በአንድ ሺህኛ ሴኮንድ፣ 200 ኪሎ ሜትር ያህል ይጓዛል። ስለዚህ ገመዱ ተራራ ዞሮ ሸለቆ አቋርጦ ቢሄድ እንኳ ጉዞው የሚፈጀው ጥቂት ሚሊሴኮንድ ብቻ ነው። ጊዜ የሚወስደው ሥራው ነው፦ የሚስጥር ቁጥሩ ትክክል መሆኑን ማየት፣ በገዢው ሒሳብ 1,200 ብር መኖሩን ማረጋገጥ፣ ከእሱ መቀነስ፣ ለእሷ መጨመር፣ ሁለቱንም በማይጠፋ መዝገብ ላይ ማስፈር፣ ከዚያ ለሁለቱም ማሳወቅ። ይህን ሁሉ የሚሠራው ኮምፒውተር፣ ሰርቨር የምንለው፣ ገንዘቡን ከገዢው ቀንሶ ለሻጭዋ ሳይጨምር ቢቃጠልስ?

አገልግሎቱ በደንብ የተሠራ ከሆነ ሻጭዋ ነገሩን ሳታውቀው ያልፋል። መልእክቱ ምናልባት ሁለት ሴኮንድ ይዘገይባት ይሆናል። ከመጋረጃው ጀርባ አንድ ማሽን ሞቷል፣ ሌላው ቦታውን ተረክቧል፣ 1,200 ብሩም አልጠፋም፣ ሁለት ጊዜም አልተከፈለም። ይህን የሚያስችለው ብዙ ሰርቨሮች እንደ አንድ ሆነው የሚሠሩበት አደረጃጀት ክላስተር ይባላል። ከውጭ ለሚያየው አንድ አገልግሎት ነው፤ ከውስጥ ግን እርስ በርስ ያለማቋረጥ የሚነጋገሩ፣ ሥራ የሚከፋፈሉ፣ አንዱ የሌላውን ጤና የሚከታተል ማሽኖች ናቸው።

ብዙ ሰው የማይሰበር ማሽን ውድ ዋጋ ከፍሎ መግዛት የሚቻል ይመስለዋል። አይቻልም። በትልልቅ የመረጃ ማዕከሎች ልምድ ከመቶ ሃርድ ዲስክ በዓመት አንድ ወይም ሁለቱ ይበላሻሉ። ቁጥሩ ሲሰማ ትንሽ ነው። አንድ ሺህ ዲስክ ላለው ተቋም ግን በየወሩ በአማካይ አንድ ያህል ዲስክ ይሞታል ማለት ነው። በዚህ ላይ የኃይል ማስተላለፊያው፣ ማራገቢያው፣ ሜሞሪው፣ የኔትወርክ ካርዱ አለ። ቀናት በሠራ ቁጥር ሜሞሪ እየበላ የሚሄድ ፕሮግራም አለ። የተሳሳተውን ገመድ የሚነቅል የደከመ ባለሙያም አለ። ይህን በግልጽ ተቀብለው ሥራ ከጀመሩት አንዱ በካሊፎርኒያ ጂሚ ትራይቢግ እ.ኤ.አ. በ1974 የመሠረተው ታንደም ኮምፒውተርስ ነበር። የመጀመሪያውን ማሽን በ1976 ለሲቲባንክ ሸጠ፤ በኋላም ስሙን የማያቋርጥ ለማለት ኖንስቶፕ አለው። በውስጡ ማቀነባበሪያው፣ የኃይል ምንጩ፣ የዲስክ መንገዱ ሁሉ ከአንድ በላይ ነበር። አንዱ ሲበላሽ ሌላው ሥራውን ይቀጥላል፣ ባለሙያው የተበላሸውን ማሽኑ ሳይጠፋ አውጥቶ ይቀይራል። ዛሬ በርካሽ ሰርቨሮች የሚገነባው ክላስተር ሁሉ የተመሠረተው በዚሁ ሐሳብ ላይ ነው፦ መውደቅን መከልከል ስለማይቻል፣ መውደቅ ጉዳት እንዳያደርስ አድርጎ መሥራት።

የክላስተሩ ቀላል ክፍል ከፊት ያለው ነው። ጥያቄ ሲመጣ መጀመሪያ የሚቀበለው ሎድ ባላንሰር የሚባል ሥራ አከፋፋይ ነው። ከኋላው ለምሳሌ አሥር ሰርቨሮች ተሰልፈዋል፤ አከፋፋዩ ከላሊበላ የመጣውን ጥያቄ ለሦስተኛው፣ ከወልድያ የመጣውን ለሰባተኛው ይሰጣል። በየጥቂት ሴኮንዱም እያንዳንዱን «አለህ?» ብሎ ይጠይቃል። መልስ ያጣበትን ከሰልፉ ያወጣዋል፤ የቀሩት ዘጠኙ ትንሽ ይጨናነቃሉ እንጂ ሥራው አይቆምም። የገና ሰሞን ደንበኛ ሲበዛ አምስት ሰርቨር መጨመር፣ ከበዓሉ በኋላ መቀነስ ይቻላል። አከፋፋዩ ራሱ ቢወድቅስ? እሱም ሁለት ይሆናል። በማንኛውም አሠራር ውስጥ «ይህ አንዱ ቢወድቅስ?» ተብሎ ሲጠየቅ መልስ የሚያጣ ዕቃ ካለ፣ አገልግሎቱ ሁሉ የተንጠለጠለው በዚያ ዕቃ ላይ ነው።

ይህ ቀላል የሆነው የፊት ሰርቨሮቹ የሚያስታውሱት ነገር ስለሌለ ነው። ገጽ ያሳያሉ፣ ጥያቄ ያስተላልፋሉ፣ ይረሳሉ። የሚረሳን ሠራተኛ በሌላ መተካት አያስቸግርም። ጭንቁ ያለው ከኋላ፣ መዝገቡ ዘንድ ነው። የነጠላ ሻጭዋ ሒሳብ አንድ ቦታ ብቻ ተጽፎ ከሆነ ያ ዲስክ ሲሞት ገንዘቧ አብሮ ይሞታል። ስለዚህ መዝገቡ በሁለት፣ በሦስት፣ በአምስት ሰርቨሮች ላይ ይገለበጣል። ግን መዝገብ በበዛ ቁጥር ሌላ ጥያቄ ይነሳል፦ ቅጂዎቹ ካልተስማሙ የቱ ነው ትክክሉ?

ሁለት መንገድ አለ። በመጀመሪያው ዋናው ሰርቨር ክፍያውን በራሱ መዝገብ ጽፎ ወዲያው «ተከፍሏል» ይልና ቅጂውን ለሌሎቹ በኋላ ያደርሳል። ይሄኛው ፈጣን ነው። ነገር ግን «ተከፍሏል» ካለ በኋላ፣ ቅጂው ሳይደርስ ዋናው ቢሞት፣ ተተኪው ያ ክፍያ መፈጸሙን አያውቅም። ሻጭዋ መልእክት ደርሷት ነጠላውን ሰጥታለች፤ ሒሳቧ ግን ባዶ ነው። በሁለተኛው መንገድ ዋናው ቅጂው ለሌሎች መድረሱን አረጋግጦ ነው «ተከፍሏል» የሚለው። ይሄኛው በጥቂቱ ይዘገያል። ለፎቶ፣ ለአስተያየት፣ ለዜና ገጽ የመጀመሪያው ይበቃል። ለገንዘብ ሁለተኛው ግዴታ ነው ባይ ነኝ።

አሁን ወደ ዋናው አስቸጋሪ ነገር እንምጣ። ተተኪው ሰርቨር ከዋናው በየጊዜው የሚመጣውን «አለሁ» የሚል መልእክት ይጠብቃል። መልእክቱ ቀረ። ዋናው ሞቷል? ወይስ ዋናው በሕይወት አለ፣ የተበጠሰው በመካከላቸው ያለው ገመድ ነው? ከተተኪው ቦታ ሆኖ ሁለቱን መለየት አይቻልም፤ ዝምታው አንድ ዓይነት ነው። ሞቷል ብሎ ሥልጣኑን ቢረከብና ዋናው በእርግጥ ሕያው ቢሆን ክላስተሩ ሁለት አለቃ ይኖረዋል። አንዱ ገዢ በአንደኛው አለቃ በኩል 1,200 ብሩን ለነጠላ፣ በሌላኛው በኩል ያንኑ 1,200 ብር ለአልጋ ሊከፍል ይችላል። መስመሩ ተጠግኖ ሁለቱ ሲገናኙ እርስ በርሳቸው የሚቃረኑ ሁለት እውነቶች ይዘው ይገናኛሉ። በዚህ ሙያ ውስጥ ያለ ሰው ከማሽን መቃጠል ይልቅ የሚፈራው ይህንን ነው።

መፍትሔው ምልዓተ ጉባኤ ነው። ሰርቨሮቹ ቁጥራቸው ጎዶሎ ይደረጋል፣ አብዛኛውን ጊዜ ሦስት ወይም አምስት። ከግማሽ በላይ የሆኑት ካልተስማሙ ማንም አለቃ አይሆንም፣ ምንም ክፍያም አይጸናም። አምስት ሆነው መስመር ቢቆረጥና ሦስቱ ወዲህ፣ ሁለቱ ወዲያ ቢቀሩ፣ ሦስቱ ሥራ ይቀጥላሉ፤ ሁለቱ ግን ምንም ሳይጎድላቸው፣ ኤሌክትሪክም ዲስክም እያላቸው፣ ሥራ ያቆማሉ። ከአንድ ስብስብ ሁለት አብላጫ ሊወጣ ስለማይችል ሁለት አለቃ አይኖርም። ሦስት ሰርቨር የአንዱን መውደቅ፣ አምስት የሁለቱን ይችላል። አራት ግን እንደ ሦስት ሁሉ የአንዱን ብቻ ነው የሚችለው፤ ለዚህ ነው አራተኛው የብክነት ያህል የሚቆጠረው።

ጤነኛ የሆነ ማሽን ሆን ብሎ ሥራ ማቆሙ ለብዙ ሰው አይዋጥለትም። የላስታ ሰው ግን ነገሩን ከቤተ ክርስቲያን ያውቀዋል። በኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ሥርዓት ቅዳሴ ከአምስት ልዑካን ባነሰ አይቀደስም፤ ሁለት ካህናትና ሦስት ዲያቆናት መሟላት አለባቸው። በአንዲት የገጠር አጥቢያ አንድ ዲያቆን ቢታመም ከጎረቤት ደብር ይፈለጋል። ካልተገኘ ሕዝቡ ተሰብስቦ፣ ቤተ መቅደሱ ተከፍቶ፣ አራቱ በሙሉ ጤንነት ቆመው ሳለ ቅዳሴው ይቀራል እንጂ ጎድሎ አይቀደስም። ባለ ብዙ ካህናቱ ደብር ግን ሁለት ሦስት ሰው ቢጎድልበትም አገልግሎቱ አይታጎልም። ክላስተሩም የተሠራው በዚህ ዓይነት ሕግ ነው፦ ቁጥሩ ካልሞላ አለመሥራት፣ ቁጥሩ እንዳይጎድል ደግሞ ከሚያስፈልገው በላይ ማዘጋጀት።

ማሽኖች አንዳንዶቹ ቢወድቁም መልእክት ቢጠፋም በድምፅ ብልጫ እንዴት እንደሚስማሙ በሒሳብ ያረጋገጠው አሜሪካዊው ሌስሊ ላምፖርት ነው። ሥራውን ፓክሶስ በተባለች የግሪክ ደሴት ላይ ስለነበረ ምናባዊ ሸንጎ አድርጎ ጻፈው፤ የሸንጎው አባላት እንዳሻቸው ይገባሉ ይወጣሉ፣ መልእክተኞቻቸውም አንዳንዴ ይጠፋሉ፣ ሕጉ ግን አይዛባም። ጽሑፉ ታትሞ የወጣው እ.ኤ.አ. በ1998 ነበር። ለመረዳት ከባድ ነው የሚል ቅሬታ ስለበዛ የስታንፎርድ ተመራማሪዎች ዲዬጎ ኦንጋሮና ጆን አውስተርሃውት በ2014 ራፍት የተባለውን ቀለል ያለ አሠራር አወጡ። ዛሬ በዓለም ላይ ያለ ብዙ ክላስተር በአንዱ ወይም በሌላው ይመራል።

ይህም ሆኖ ሥርዓቱ በግማሽ ከተተገበረ አያድንም። እ.ኤ.አ. ጥቅምት 21 ቀን 2018 የፕሮግራም ጸሐፊዎች መገናኛ የሆነው ጊትሃብ በአሜሪካ ምሥራቅ ጠረፍ የኔትወርክ ዕቃ ሲቀይር ግንኙነቱ ለ43 ሴኮንድ ተቋረጠ። አለቃ የሚመርጠው ሥርዓት በራፍት የሚሠራ ነበርና በሕጉ መሠረት ድምፅ ቆጥሮ አለቅነቱን ወደ ምዕራብ ጠረፍ አዛወረው። የመረጃ ቅጂው ግን በመጀመሪያው፣ በፈጣኑ መንገድ የሚደርስ ነበር። በምሥራቅ በኩል ተጽፈው ወደ ምዕራብ ያልደረሱ የጥቂት ሴኮንዶች መዝገቦች ቀሩ፤ በምዕራብም አዳዲስ ተጻፉ። አለቃው አንድ ሆነ፣ እውነቱ ግን ሁለት። ለማስታረቅ 24 ሰዓት ከ11 ደቂቃ ፈጀ። ኩባንያው በዚያ ጊዜ ውስጥ የወሰነውን ውሳኔ ከልቤ አደንቃለሁ፦ አገልግሎቱ በፍጥነት እንዲመለስ መረጃ ከመጣል ይልቅ፣ መረጃው እስኪስተካከል አገልግሎቱ ተጎድቶ እንዲቆይ መረጠ።

ይህ ምርጫ ማንም የማያመልጠው ነው። የካሊፎርኒያው ኤሪክ ብሩወር በ2000 ያቀረበው፣ ሴት ጊልበርትና ናንሲ ሊንች በ2002 በሒሳብ ያረጋገጡት ሐሳብ እንዲህ ይላል፦ መስመር ሲቆረጥ አንድ አገልግሎት ወይ ለሁሉም መልስ መስጠቱን፣ ወይ የሚሰጠው መልስ ትክክል መሆኑን ይመርጣል፤ ሁለቱን አንድ ላይ መያዝ አይቻልም። ማንም ሻጭ ኩባንያ ሁለቱንም እሰጣለሁ ቢል ማመን አይገባም።

እኛ ይህን የተማርነው በውድ ዋጋ ነው። ዓርብ መጋቢት 6 ቀን 2016 ዓ.ም. ሌሊት፣ ለቅዳሜ አጥቢያ፣ የኢትዮጵያ ንግድ ባንክ ደንበኞች በሒሳባቸው ካለው በላይ ማውጣት እንደሚችሉ ደረሱበት። ወሬው በተለይ በዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች መካከል በቴሌግራምና በስልክ ተዳረሰ፤ በየግቢው ያሉ ኤቲኤሞች ፊት ሌሊቱን ሰልፍ ሆነ። ባንኩ ነገሩን ሲያውቅ አገልግሎቱን ሁሉ አቋርጦ ለሰዓታት ዘጋ። ብሔራዊ ባንክ ችግሩ ከሲስተም ጥገናና ፍተሻ ሥራ ጋር የተያያዘ መሆኑን ገለጸ፤ የሳይበር ጥቃት አለመሆኑም ተነገረ። የባንኩ ፕሬዚዳንት አቤ ሳኖ ያላግባብ የወጣው ከ800 ሚሊዮን ብር በላይ መሆኑን ተናገሩ። ዩኒቨርሲቲዎች ተማሪዎቻቸው ገንዘቡን እንዲመልሱ ማስታወቂያ ለጠፉ፤ ባንኩም ያልመለሱትን ስም ዝርዝር ይፋ እስከማድረግ ሄደ። አብዛኛው ገንዘብ ተመልሷል።

ያን ሌሊት ሲስተሙ አልወደቀም። ችግሩ ያለው እዚህ ላይ ነው። ኤቲኤሙ ይሠራል፣ የስልክ ባንኩ ይሠራል፣ መልስ ይሰጣል፤ መልሱ ግን ስሕተት ነው። ክላስተር ከማሽን ሞት ያድናል እንጂ ከተሳሳተ ትእዛዝ አያድንም። የተሳሳተ ሕግ የያዘ ፕሮግራም በአምስት ሰርቨር ላይ ከተጫነ አምስቱም በአንድ ድምፅ ይሳሳታሉ፤ ምልዓተ ጉባኤውም ስሕተቱን ያጸድቃል። መዝገቡ አምስት ቦታ መገልበጡም ስሕተቱን በአምስት ቦታ መጻፍ ብቻ ነው የሚሆነው። ከአራት ወር በኋላ ዓለምም ይህንኑ አየ። እ.ኤ.አ. ሐምሌ 19 ቀን 2024 ክራውድስትራይክ የተባለው የደኅንነት ኩባንያ የላከው አንድ ጉድለት ያለበት ማሻሻያ 8.5 ሚሊዮን ያህል የዊንዶውስ ኮምፒውተሮችን በአንድ ጠዋት ሰማያዊ የስሕተት ገጽ ላይ አቆማቸው፤ አውሮፕላኖች ቆሙ፣ ሆስፒታሎች ቀጠሮ ሰረዙ። እነዚያ ተቋማት ብዙዎቹ ተጠባባቂ ማሽን ነበራቸው። ተጠባባቂውም ያንኑ ማሻሻያ ተቀብሎ ነበር።

ለዚህ የሚሆነው መድኃኒት ትዕግሥት ነው። ማሻሻያ መጀመሪያ ለአንድ ሰርቨር ይሰጣል፤ ያ ሰርቨር ከደንበኛው ጥያቄ ጥቂቱን ብቻ እያስተናገደ ለሰዓታት ይታያል፤ ደኅና ከሆነ ለሁለተኛው፣ ለሦስተኛው ይሄዳል። እንግዳ ነገር ከታየ ወደ ቀድሞው መመለስ በደቂቃ መቻል አለበት። ከዚህ ጎን ደግሞ «ከሒሳቡ በላይ አይወጣም» የሚለውን ሕግ ዋናው ፕሮግራም ብቻ ሳይሆን ሌላ፣ በሌላ ሰው የተጻፈ ፕሮግራም በየደቂቃው ይፈትሸው። ሕጉ ሲጣስ አገልግሎቱን ያለ ማንም ፈቃድ ይዝጋው። ባንክ ከመሳሳት መዝጋት ይሻለዋል። ለአንድ ሰዓት የተዘጋ ባንክ ደንበኛ ያስቀይማል፤ ለአንድ ሌሊት የተሳሳተ ባንክ ግን የሃያ ዓመት ተማሪ ስሙ በይፋ ዝርዝር ላይ እንዲወጣ ያደርጋል።

ክላስተር የት ይቀመጣል የሚለው ጥያቄም ለእኛ ቀላል አይደለም። ሦስት ሰርቨር በአንድ ክፍል ውስጥ ካሉ ክፍሉ ሲቃጠል፣ ወይም የክፍሉ ማቀዝቀዣ ሲቆም፣ ሦስቱም አብረው ይሄዳሉ። ባለፉት ጥቂት ዓመታት አዲስ አበባ ውስጥ ለማንም ተከራይ ክፍት የሆኑ ዘመናዊ የመረጃ ማዕከላት ተከፍተዋል፤ ዊንጉ አፍሪካና ራክሲዮ ይጠቀሳሉ። ትልቅ እርምጃ ነው። ሁለቱም ያሉት ግን በአንድ የአይሲቲ ፓርክ ውስጥ ነው። አንዱን ዋና፣ ሌላውን ተጠባባቂ ያደረገ ተቋም ከሕንጻ ቃጠሎ ይድናል፤ መላውን አካባቢ ከሚነካ ችግር ግን አይድንም። በዚያ ላይ ሁለት ቦታ ብቻ ያለው በድምፅ ብልጫ መወሰን አይችልም። ሦስተኛው ድምፅ ሌላ ከተማ መሆን አለበት። ርቀት ሰበብ አይሆንም፦ ከአዲስ አበባ ባሕር ዳር ቀጥታ 320 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ ገመዱ 600 ኪሎ ሜትር ቢዞር እንኳ መልእክት ደርሶ ለመመለስ ስድስት ሚሊሴኮንድ ይበቃዋል። ያን ያህል መዘግየት ክፍያ የሚጠብቅ ሰው አያስተውለውም።

በዚህ ሙያ አገልግሎት የሚለካው በዘጠኞች ነው። 99.9 በመቶ የሚሠራ አገልግሎት በዓመት 8 ሰዓት ከ45 ደቂቃ ያህል ይቋረጣል። 99.99 የሚለው 52 ደቂቃ፣ 99.999 የሚለው አምስት ደቂቃ ያህል። እያንዳንዱ ዘጠኝ ሲጨመር ወጪው በብዙ እጥፍ ይጨምራል፤ ተቋማትም ዘጠኞቻቸውን ይኮሩባቸዋል። ይህ ቁጥር ግን የሚለካው በሰርቨሩ ደጃፍ ነው፤ ላሊበላ ላይ አይለካም። ሰርቨሩ 99.99 በመቶ ይሥራ፣ እስከ ከተማው ያለው መስመርና የስልክ ማማው 98 በመቶ፣ መብራት ደግሞ 95 በመቶ ይኑር እንበል። ለነጠላ ሻጭዋ የሚደርሰው ሦስቱ ሲባዙ የሚወጣው ነው፦ 93 በመቶ ገደማ። በዓመት 25 ቀን ያህል አገልግሎት የለም ማለት ነው። በአዲስ አበባው ክላስተር ላይ አንድ ዘጠኝ ቢጨመር ይህ ቁጥር ንቅንቅ አይልም። የማማው ባትሪ ቢጠናከር፣ ሁለተኛ መስመር በሌላ መንገድ ቢገባ ግን ብዙ ይለወጣል። ለላስታ ገንዘብ የሚመድብ ሰው ሊያውጠነጥነው የሚገባ ስሌት ይሄ ነው።

ላሊበላ ደግሞ ከስሌቱም የከፋውን አይታለች። ከሐምሌ መጨረሻ 2013 እስከ ታኅሣሥ 2014 ከተማዋ በጦርነቱ ከአንዱ እጅ ወደ ሌላው ስትዘዋወር መብራትም ስልክም ባንክም አልነበረም። በሐምሌ 2015 መጨረሻ ደግሞ በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ተዘግቶ ለወራት ቆየ። በእነዚያ ወራት አዲስ አበባ ያሉ ሰርቨሮች ምንም አልሆኑም ነበር፤ የዘጠኞች ሪፖርታቸውም አልጎደለም። አንድ ነገር ልብ ይሏል፦ *127# እና የንግድ ባንኩ *889# የሚሉት አጭር ቁጥሮች የሚሄዱት በኢንተርኔት ሳይሆን የስልኩ የራሱ ኔትወርክ በሚነጋገርበት መንገድ ነው። ስለዚህ ኢንተርኔት ተዘግቶም ስልክ እስካለ ድረስ ይሠራሉ። መተግበሪያ ብቻ ሠርቶ አጭር ቁጥሩን የሚረሳ የባንክ ወይም የክፍያ ድርጅት የላስታን ሰው ሲቸግረው ትቶታል።

ከ2015 ዓ.ም. ወዲህ ነዳጅ የሚገዛው በዲጂታል ክፍያ ነው። አሠራሩ ለቁጥጥር ይጠቅማል፤ ግን የክፍያው ሲስተም ሲቆም ማደያው ነዳጅ ሞልቶ ባጃጁ ባዶ ይቆማል። መንግሥት ጥሬ ገንዘብን ሲያግድ፣ የሲስተሙ መቋረጥ የንግድ ጉዳይ መሆኑ ይቀርና የሕዝብ ጉዳይ ይሆናል። ከዚያ በኋላ ስንት ሰዓት እንደተቋረጠ በየዓመቱ መነገር አለበት።

ሁሉ ነገር ግን ከማዕከል ጋር ተገናኝቶ መሥራት የለበትም። የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች የሚጠቀሙበት የኤሌክትሮኒክ ማኅበረሰብ ጤና መረጃ ሥርዓት ለዚህ ጥሩ ምሳሌ ነው። ሠራተኛዋ ኔትወርክ በሌለበት ቀበሌ ቤት ለቤት እየዞረች የእናቲቱን ክትትልና የሕፃኑን ክትባት በታብሌቷ ትመዘግባለች። መረጃው እዚያው ይቀመጥና ኔትወርክ ያለበት ስትደርስ ይላካል። ይህ የሚቻለው የክትባት መዝገብ ከሌላ መዝገብ ጋር ስለማይጣላ ነው፤ ክትባት የተሰጠው ሕፃን ተሰጥቶታል፣ ዜናው ማዕከል ሦስት ቀን ቢዘገይ እውነቱ አይለወጥም። ገንዘብ እንዲህ አይደለም፤ አንዱ ብር ሁለት ቦታ ሊከፈል ይችላል። የገና ሰሞን የሆቴል ክፍልም እንደ ገንዘብ ነው፤ በሁለት መንገድ ከተሸጠ ታኅሣሥ 28 ማታ ሁለት ቤተሰብ አንድ በር ላይ ይገናኛል። ሶፍትዌር ለገጠር የሚሠራ ባለሙያ መጀመሪያ መለየት ያለበት ይህን ነው፦ የትኛው መረጃ ይቆይ ቢባል አይጎዳም፣ የትኛውስ ያለ ምልዓተ ጉባኤ ሊጸና አይገባም። የመጀመሪያውን እንደ ሁለተኛው የሠራ ሰው ኔትወርክ በጠፋ ቁጥር ጤና ጣቢያውን ያስቆማል፤ ሁለተኛውን እንደ መጀመሪያው የሠራ ደግሞ ሰውን ገንዘቡን ያሳጣል።

ተጠባባቂ መግዛትና ተጠባባቂ መኖር አንድ አይደሉም። ለዓመታት ያልተሞከረ ተጠባባቂ ሰርቨር ዋናው ሲወድቅ የይለፍ ቃሉ ያለፈበት፣ ዲስኩ የሞላ፣ የቀድሞ ፕሮግራም የጫነ ሆኖ ይገኛል። የፊልም ኩባንያው ኔትፍሊክስ ለዚህ ያወጣው ዘዴ ጨካኝ ይመስላል፦ በሥራ ሰዓት፣ ባለሙያዎቹ ሁሉ ቢሮ እያሉ፣ ሕያው ሰርቨሮችን በዘፈቀደ መርጦ የሚገድል ፕሮግራም ጻፈ። መውደቅ የዘወትር ነገር ሲሆን ሁሉም ክፍል ለመውደቅ ተዘጋጅቶ ይሠራል። የእኛ ተቋማት ይህን ያህል መድፈር ባይችሉ በዓመት ሁለት ጊዜ፣ በኅዳርና በሚያዝያ፣ ዋናውን ማዕከል በገዛ እጃቸው አጥፍተው በተጠባባቂው አንድ ሙሉ ቀን ይሥሩ። ይህን ለማድረግ የሚፈራ ተቋም ተጠባባቂ የለውም።

ጊትሃብ ከዚያ የ43 ሴኮንድ መቋረጥ በኋላ ወሩ ሳይወጣ የሆነውን ሁሉ በሰዓት በሰዓቱ ጽፎ ለሕዝብ አቀረበ፦ ማን ምን እንዳየ፣ ምን እንደወሰነ፣ የቱ ውሳኔ እንደዘገየ፣ ምን እንደሚለወጥ። የዓለም ባለሙያ ሁሉ ከዚያ ጽሑፍ ተምሯል። እኛ ዘንድ ግን መስኮቱ ላይ ያለችው ልጅ «ሲስተም የለም» ትላለች፣ ነገሩም እዚያው ያበቃል። የባንክ፣ የቴሌኮም ወይም የክፍያ ድርጅት ኃላፊ ሆነው ይህን ለሚያነቡ የማቀርበው ልመና ይሄ ነው፦ አገልግሎታችሁ ሲቋረጥ ምን እንደተበላሸ፣ ለምን ተጠባባቂው እንዳልተረከበ፣ ስንት ሰዓትና የትኛው አካባቢ እንደተጎዳ በግልጽ አማርኛ ጽፋችሁ ይፋ አድርጉ። የመጋቢት 2016ቱ ሌሊት እንኳ እንዲህ ያለ ዝርዝር ቢጻፍለት፣ ዛሬ በየዩኒቨርሲቲው ሶፍትዌር ለሚማሩ ልጆች ከማንኛውም የውጭ መጽሐፍ የተሻለ ማስተማሪያ ይሆናቸው ነበር።